ከምግብ በኋላ፣ በሁዳዴ

አባቴ ሰው አይፈራም ነበር። መርሳ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው ጋራዡ፣ ክሪክ ላይ የቆመ ሲኖ የጭነት መኪና ሥር ገብቶ የሚያንጎላጅ ሰው ማንን ይፈራል? ትራፊክ አይፈራም፣ ቀበሌ አይፈራም፣ እኔን ደግሞ ጭራሽ አይፈራም። የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የንስሐ አባቱን። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ዓመት የደረሰብን ጣጣ ግማሹ ከዚህ ፍርሃት ስለመጣ ነው። ሌላው ግማሽ ከጉልበቱ መጣ።

ጉልበቱ አልቆ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀዝቃዛ መሬት ላይ ተንበርክኮ መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ መገጣጠሚያው ሲንቋቋ ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ስለነበርን፣ የሚንቋቋው የማን እንደሆነ መጠራጠር አይቻልም። ለሰው ግን አይናገርም። ጉልበቱን የሚያመው መካኒክ መኪና ሥር መግባት አይችልም ተብሎ ከተወራ፣ ደንበኛ ሁሉ መሪውን ወደ ወልድያ ያዞራል ብሎ ያምናል። ሲያነክስ ካየሁት "እግሬ ደንዝዞ ነው" ይለኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባቴ ግን በሽታውን ደብቆ በመድኃኒት ተጥለቀለቀ።

ክኒኖቹን ያመጡት ሾፌሮች ናቸው። ወገቡን የማያመው ሾፌር የለም። አንዱ ከደረሰበት ፋርማሲ የገዛውን፣ ሌላው ከጓደኛው የተቀበለውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ከአዲስ አበባ መቀሌ፣ ከመቀሌ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ጋራዡ ጎማ ሲያስፈታ "ይቺን ለቸገረው ሰው ስጥልኝ፣ እኔን አስነሥታኛለች" ብሎ ሁለት ሦስት ፍሬ ጥሎ መሄድ ልማድ ሆነ። ሐራ ከተማ ላይ ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ጠጠር የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ደግሞ፣ ከውጭ አገር ሠራተኞች ያገኛትን ሮዝ ክኒን በእፍኝ ሙሉ አመጣ። ማሸጊያዋ ላይ ያለውን ጽሕፈት መርሳ ውስጥ ማንበብ የቻለ ሰው አልተገኘም። ማንበብ ስላልተቻለ ሁሉም ኃይለኛ መድኃኒት ናት ብሎ ተስማማ።

አባቴ ይህን ሁሉ፣ ቡሎንና ዳዶ ይለይበት በነበረው ዘጠኝ ክፍል ያለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በየቀለሙ ደረደረው። ቢጫው ለወገብ፣ ትልቁ ነጭ ለትከሻ፣ ቡናማው ለብርድ ወራት፣ ሮዟ ለአስቸጋሪ ጉዳይ። ለራሱ ደግሞ ደንበኛ ሳያየው ቀዩን ለቀኝ ጉልበቱ፣ ቢጫውን ለግራው ይወስዳል። ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ለየትኛው ጉልበት እንደታዘዘ በምን ያውቃል ብዬ ጠየቅኩት። እሱም ሳይቆጣ፣ ቤንዚንም ታንከር ውስጥ ሲገባ የት እንደሚሄድ ያውቃል አለኝ።

ጊዜው የአንድ ለአምስት ጊዜ ነበር። ለማዳበሪያውም፣ ለመጸዳጃ ቤቱም፣ ለክትባቱም ሰው በአምስት በአምስት ይደራጃል። የእኛን ሰፈር አምስት ሰዎች የሚመራው አባቴ ነው፤ ስብሰባውም ጥላ ስላለ ጋራዡ ውስጥ ይካሄዳል። አጀንዳው ቶሎ ያልቅና ሣጥኑ ይከፈታል። አባላቱ ክኒን ይመርጣሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ባለፈው ሳምንት የወሰዱትን ይገመግማሉ። አባቴ ሪፖርቱ ላይ "አባላት በጤናው ዘርፍ እርስ በርስ በመደጋገፍ ላይ ይገኛሉ" ብሎ ጻፈ። ቀበሌው ስብሰባ ላይ ለሌሎች አርአያ ይሁን ተብሎ ተነበበ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ሰው ሲያጨበጭብ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ።

አንድ ዓርብ ቀን፣ ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አባቴ ከመኪና ሥር መውጣት አቃተው። ጉልበቱ አልታጠፍም ብሎ ተቆልፏል። ድረሱልኝ ብሎ በመጣራት ፈንታ፣ ሥራ ላይ ያለ መስሎ አንድ ሰዓት ሙሉ እያፏጨ በመፍቻ ብረት ሲያንኳኳ ቆየ። የመኪናው ባለቤት እንዲህ ያለ ትጉህ መካኒክ አላየሁም እያለ ሻይ ይጠጣል። እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ደርሼ፣ ፉጨቱ የደስታ እንዳልሆነ ስለገባኝ እግሩን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ወዲያው ሚኒባስ ላይ ጭኜ ወልድያ ወሰድኩት። ሣጥኑንም ተሸክሜ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። ሣጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፋ፣ ጽሑፍ ያላቸውን ማሸጊያዎች እያነበበች ለየች። ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ደግሞ ዲክሎፌናክ፣ አሁንም ዲክሎፌናክ። ቀለማቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው አለችው። እብጠትና ሕመም ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የዋጠ ሰው ጉዳቱን ያበዛል እንጂ ፈውሱን አያበዛም። ሮዟን ለብቻዋ አስቀመጠችና፣ ስሙ የማይታወቅ መድኃኒት አይዋጥም አለች። አባቴ ተቀየመ። ዕድሜ ልኩን የሰበሰበው ዳዶ ሁሉ አንድ ቁጥር ነው የተባለ ያህል ተሰማው።

ግፊቱን ለካች፣ ስለ ኩላሊቱ ጠየቀች፣ ጨጓራ ያምዎታል ወይ አለችው። ጨጓራ የማያመው ማን አለ ብሎ መለሰ። ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፈችለት። አንድ ዓይነት ክኒን ብቻ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ ለአሥር ቀን፣ ከምግብ በኋላ፣ በብዙ ውሃ። ለጨጓራ መከላከያ አንድ ካፕሱል፣ ጠዋት ከምግብ በፊት። ሆድ ካቃጠለ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወዲያው አቁሞ መምጣት። ጉልበትን ማሳረፍ፣ በተለይ አለመንበርከክ። ሁዳዴ ሰኞ እንደሚገባ እሱም አልነገራትም፣ እኔም አላሰብኩትም። እሱ አስቦት እንደነበር የገባኝ ስንመለስ ነው፤ ከወልድያ እስከ ሲሪንቃ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቤት ስንደርስ ሣጥኑን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ገለበጥኩት። አባቴ ባዶውን ሣጥን ከእጄ ተቀብሎ በጨርቅ ወለወለው። የተሸነፈ መስሎኝ ነበር። አስፋልት እስካለ ሾፌር አይቋረጥም፤ ሣጥኑ በሳምንቱ ተመልሶ ሞላ።

ሰኞ ጠዋት ችግሩ ቁጭ አለ። አባቴ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ካፕሱሉ ከምግብ በፊት፣ ክኒኑ ከምግብ በኋላ ነው፤ በመካከላቸው ግን ምግብ የለም። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ ስጽፍ እንዲህ ይቀርበኛል እንጂ። "አባዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲበሉ ይዋጧት፣ ሁለተኛዋን ማታ" አልኩት። ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ፤ ጠዋት ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እንግዲያው ለንስሐ አባትዎ ታምሜያለሁ ብለው ያስፈቅዱ አልኩት።

"ንስሐ ጥፋትን መናገር ነው እንጂ ምክንያትን መናገር አይደለም" አለኝ።

ስለዚህ በላ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሩን ዘግቶ፣ እንደ ሌባ፣ ሩብ እንጀራ በሽሮ። ክኒኑን ዋጠ። ሳምንቱን እንዲህ ከርሞ እሑድ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። በጾም ጠዋት በላሁ አላቸው። ለምን እንደበላ አልተናገረም። እሳቸውም አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አርባ ስግደት ቀኖና ሰጡት። የጾም ገዳፊ ቀኖና ነው፣ አልበዛም።

እኔ ይህን አላወቅኩም። ጎሕ ሲቀድ ከግድግዳው ወዲያ ዷ፣ ዷ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ሞተር ወደ ቤት አስገብቶ የሚቀጠቅጥ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጦ፣ ጠዋት በሚውጣት አንድ ክኒን ላይ ረፋዱን ሌላ መጨመር ጀመረ። ክኒኑ ከምግብ በኋላ ስለሆነ፣ ለሁለት ክኒን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሁለት ጊዜ በላ። ትእዛዝ ያከብራል። እሑድ ሄዶ፣ ሁለት ጊዜ በላሁ አለ። ሰማንያ ስግደት፣ እስከ ጾሙ እኩሌታ፣ እስከ ደብረ ዘይት እሑድ።

ያን ጊዜ ግንባሩ ላይ አፈር አይቼ አፋጠጥኩት። ሁሉንም ነገረኝ፤ እያፈረ ሳይሆን፣ የሚያስቸግር ሞተር እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ። እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ወረቀት አምጥቼ አሰላሁለት። ስግደቱ ጉልበት ያሳብጣል፣ ያበጠ ጉልበት ክኒን ይጠይቃል፣ ክኒን ምግብ ይጠይቃል፣ ምግብ ስግደት ያመጣል። በየሳምንቱ እጥፍ እየሆነ ከሄደ ለሆሳዕና በቀን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስድሳ ስግደት ይደርስዎታል አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ትንሽ አየውና ሆሳዕና ገና ሩቅ ነው አለኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ስናደድ እንዲህ የምናገረውን አሁንም እጸጸትበታለሁ።

በማግስቱ "መፍትሔ አገኘሁ" አለኝ። ጠዋት አልበላም። በነጋታውም አልበላም። ክኒኑን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወረው ብዬ ደስ አለኝ፤ ለአንድ መምህርት ጓደኛዬም አባቴን አሸነፍኩት ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ያገኘው መፍትሔ ሌላ ነበር። ጥፋቱ ምግቡ ነው፣ ክኒን ደግሞ ምግብ አይደለም፣ ስለዚህ ምግቡን አስቀርቶ ክኒኑን መዋጥ ነው። በባዶ ሆድ። በዚያ ላይ ሐኪሟ የሰጠችው አልቆ ከሣጥኑ እየጨመረ።

ቅዳሜና እሑድ ስግደት የለም። ስለዚህ ጉልበቱ በሁለት ቀን ትንሽ ያርፋል፤ እሑድ ጠዋት ሮዟን ይጨምርና ወደ ንስሐ አባቱ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሚያነክሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፣ እሳቸው የሚያዩት እሑድ ብቻ ነው። በመፃጉዕ ዕለት፣ ሽባው ተፈወሰ ተብሎ በሚነበብበት እሑድ፣ አባቴ በዚህ ሳምንት አልበላሁም ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም ተደስተው ባረኩት። በአስፋልቱ መሀል እየተንጎራደደ ሲመለስ አይቼው፣ እኔ ራሴ ተአምር ነው ብዬ ነበር።

ረቡዕ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመጣ፣ ጋራዡ በር ላይ የጎማ ቸርኬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ብርድ ሳይኖር ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት ሳይኖር ላቡ ይንጠፈጠፋል። ደስተኛ ነበር።

"የተቃጠለው ዘይት እየወረደ ነው" አለኝ። "ከሰኞ ጀምሮ የሚወጣኝ ጥቁር ነው፣ ልክ እንደ ካምቢዮ ዘይት። መድኃኒቱ ውስጤን አጠበው ልጄ።"

ሐኪሟ ሬንጅ ያለችውን እሱ ዘይት አለው። እኔ ደም መሆኑን አውቄያለሁ። ዛሬ ስንት ዋጡ አልኩት። ሁለት ነጭ፣ ለቀኙ አንድ ቀይ፣ ስለደከመኝ ደግሞ አንዲት ሮዝ አለኝ። በምን ምግብ ላይ ስለው አዘነልኝ፤ ጾም እኮ ነው አለ። ያን ጊዜ ነው መፍትሔው ምን እንደነበር የገባኝ። እኔ በክፍል ውስጥ ልጆቹን የምጠይቀውን ያህል እሱን ብጠይቀው ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር።

እንሂድ አልኩት። ከሰማንያው ስድሳው ይቀራል አለኝ።

"ቀኖናዬን ሳልጨርስ ሐኪም ቤት ብሞትስ?"

"ሲጨርሱ እዚሁ ቢሞቱስ?"

"እሱ ይሻላል" አለና ሊሰግድ ተነሣ። ግድግዳውን ይዞ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ያቺን አቀማመጥ አልረሳትም። ጎረቤት ጠርቼ እንዲይዙት አደራ ብዬ ወደ ንስሐ አባቱ ቤት ሮጥኩ።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ ነው። በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እግራቸውን ጨው ባለበት ሙቅ ውሃ ነክረው አገኘኋቸው። ሰላምታም ሳላቀርብ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ጉልበቱን፣ ክኒኑን፣ ሰማንያውን፣ ደሙን። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

"እኔ የሰማሁትን አልነግርሽም" አሉ በመጨረሻ። "ያልሰማሁትን ግን እነግርሻለሁ። ታምሜያለሁ ሲል አልሰማሁትም።"

ከዚያ እግራቸውን ከውሃው አወጡ። ጉልበታቸውን አየሁት፤ ከአባቴ የባሰ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚውጠው ክኒን ሮዝ ነው ወይ አሉኝ። ሮዝም አለበት አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና ማሸጊያዋን አወጡ። ያቺው ጽሕፈቷ የማይነበበው። አባቴ ከጾሙ በፊት ጀምሮ "ለሚያስፈልገው ሰው" እያለ ያመጣላቸዋል። እሳቸውም ከቅዳሴ በፊት፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ለግፊት ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ይውጧታል። እሑድ እሑድ አባቴ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ይቀበሉታል። አንዱ ሌላውን ጤነኛ ነው ብሎ ያምናል። ለደንበኞቹ የሚያከፋፍል እንጂ እሱ ራሱ የሚውጥ አልመሰለኝም አሉ።

መቋሚያቸውን ተመርኩዘው አብረውኝ መጡ። ጋራዡ ስንደርስ ተቀምጠው አልተነጋገሩም፣ ቀኖናህን ፈትቼልሃለሁ ተነሥ አሉት። አባቴ ልጄ ናት ያስጨነቀችዎ አለ። ክርክር አልነበረም፤ እሳቸው ተነሥ ካሉት ይነሣል። ደግፈን አስፋልት ዳር አወጣነውና የመጀመሪያውን ሚኒባስ አስቆምኩ። ንስሐ አባቱም አብረው ገቡ።

ሾፌሩ የአባቴ ደንበኛ ነው። በመስተዋቱ እያየ ምን ሆነው ነው አለኝ። ታመዋል አልኩ። ወዲያው በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በሌላው ዳሽቦርዱን ከፍቶ፣ አዲስ ክኒን ከመቀሌ ይዣለሁ፣ አንድ ፍሬ ብቻ ይበቃቸዋል ብሎ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። አባቴ ዐይኑ ተከድኖ ሳለ እጁ ለመቀበል ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ካህን አጠገቤ መቀመጣቸውንም ረስቼ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እስከ ሲሪንቃ ጸጥ አለ። ከሲሪንቃ በኋላ አንዲት ሴት ንስሐ አባቱን መስቀል ያሳልሙኝ ብላ ጸጥታውን ፈታችልን።

ወልድያ ላይ ከመናኸሪያው በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው። ያቺው ሐኪም ነበረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደም ያስፈልገዋል አለች። እኔ ሰጠሁ፣ አንድ ሰው ደግሞ ቢጨመር ተባለ። ንስሐ አባቱ የእጀ ጠባባቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፤ ዕድሜዎ አይፈቅድም ተባሉና ቅር አላቸው። ዘወር ብል የሚኒባሱ ሾፌር በር ላይ ቆሟል። ጭነቱን ሳያወርድ ተከትሎን መጥቶ ኖሯል። ክንዱን ዘርግቶ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ላይ መናደድ አልቻልኩም።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሐኪሟ መጣች። ደሙ ቆሟል፣ ተርፈዋል አለችው። ጨጓራው ቆስሏል፤ ያንን የመድኃኒት ቤተሰብ፣ ቀይም ይሁን ቢጫ፣ ከአሁን ወዲያ ያለ ሐኪም እንዳይነካ። ለጉልበቱ ፓራሲታሞልና የሚቀባ ሰጠችው፣ ልኩንም ነገረችው። የጨጓራውን ካፕሱል በየቀኑ፣ ምግብም ትንሽ ትንሽ አድርጎ አሁኑኑ መጀመር አለበት፤ አጥሚት፣ ለስላሳ ዳቦ። የንስሐ አባቱንም ጉልበት አየች፣ ግፊታቸውን ለካች፣ ሮዟን ከኪሳቸው አስወጥታ ወሰደች። ከግፊት መድኃኒት ጋር፣ ያውም በባዶ ሆድ፣ ተረኛው እርስዎ ነበሩ አለቻቸው።

ስትወጣ ዳቦውንና ሻዩን አቀረብኩለት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላለሁ አለኝ።

ቁጣዬ ሁሉ ትናንት አልቆ ኖሯል። ለመንኩት። ክንዱ ላይ የተሰካውን ቱቦ እያየሁ፣ የእኔ ደም ነው፣ ለእኔ ሲሉ ይብሉ አልኩት። ንስሐ አባቱ ለሕመምተኛ ጾም የለበትም፣ ብላ አሉት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"እርስዎ በዚያ ጉልበት ቆመው ቀድሰው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ ኖረው፣ እኔ ምን ብዬ ነው የምበላው?" አለ።

ከእናቴ ቀብር ወዲህ አባቴ ሲያለቅስ አላየሁም ነበር። ፊቱ ወደ ግድግዳው ስለሆነ ያን ጊዜም አላየሁም፤ ትከሻው ነው የነገረኝ።

ንስሐ አባቱ ወደ አልጋው ተጠጉ። ከዚያ ዳቦውን አምጪው አሉኝ። ባረኩት፣ ቆረሱት፣ በሉ። ከድቁናቸው ጀምሮ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቀምሰው አያውቁም፤ ይህን መርሳ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ለማኘክ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ፍርፋሪው ጢማቸው ላይ ቀረ። አባቴ የማኘኩን ድምፅ ሰምቶ ዞረ፤ አያቸው፣ ማመን አቅቶት ተነሥቶ ሊቀመጥ ሞከረ።

"አባታችን" አለ፣ "ለእርስዎ ቀኖና ማን ይሰጣል?"

"ለጊዜው አንተ ስጠኝ" አሉት።

አባቴ አሰበ። ቀልድ አልመሰለውም። የተከፈተ ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ እንደሚያስበው፣ ከንፈሩን ነክሶ ብዙ አሰበ።

"ነገም ይብሉ" አላቸው።

ከዚያ እጁን ዘርግቶ የቀረውን ዳቦ ወሰደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ በሁዳዴ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አንዱ አንዱን ሳያይ ሲያኝኩ እኔ እንባዬ መጣ። አባቴ አየኝና ምን ሆንሽ አለኝ።

ርቦኝ ነው አልኩት።